የታማኝነት መሐላና የእግዚአብሔር ስም

(በደብረ ማርቆስ፣ በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተነገረ)




የተሰጠን ርእስ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን አባቶቻችን ደም የተፋሰሱበት ነገር ሆኖ ይገኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማኅበራችን የሚመርጣቸው የሥራ አስፈጻሚዎች ሥራቸውን ከመጀመራቸው በፊት በአባላቱ ፊት የሚገቡት የታማኝነት ቃል አለ። ቃሉ አጭር ነው። ደንቡን ሊጠብቁ፣ የማኅበሩን ገንዘብ እንደ አደራ ሊይዙ፣ ለማንም ሳያዳሉ ሊያገለግሉ ቃል ይገባሉ። ባለፈው ስብሰባ አንዳንድ ጓደኞቻችን በዚህ ቃል መጀመሪያ ላይ «በእግዚአብሔር ስም» የሚል እንዲጨመር ሐሳብ አቀረቡ። ሌሎች ደግሞ ከዚያ አልፈው «በሥላሴ ስም» ይሁን አሉ። ጉባኤው ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ነገሩ እንዲጠና ስለ ወሰነ፣ እንድናጠና የታዘዝነው እኛ የደረስንበትን ዛሬ እናቀርባለን።

እኛ ይህን የምንናገር ሰዎች አብዛኞቻችን በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ያደግን ነን። ይህ የምንማርበት ከተማ ራሱ መንቆረር መባሉ ቀርቶ ደብረ ማርቆስ የተባለው በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን በታነጸው በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ነው። ስለዚህ የምንናገረው ሃይማኖትን በመናቅ እንዳይመስላችሁ አደራ እንላለን። የእግዚአብሔርን ስም በማክበር ስለ ተነሣን እንጂ በማቃለል አይደለም።

በመጀመሪያ የሐሳቡን አቅራቢዎች ክርክር በሚገባው ክብር እንመልከት። ሦስት ነገር ይላሉ።

አንደኛ፣ ሕዝባችን ያለ እግዚአብሔር ስም መሐላ አያውቅም ይላሉ። ይህ እውነት ነው። በገበያ መካከል ሁለት ሰዎች ሲደባደቡ አንዲት አሮጊት «በሕግ አምላክ!» ብላ ብትጮህ የተነሣው ዱላ ይቆማል። በድሮ ጊዜ ሌባ ወይም ነፍሰ ገዳይ ሲጠፋ የአገሩ ሰው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር፤ ያየ የሰማ እንዳይደብቅ ይገዘታል፣ ሕዝቡም «አሜን» ይላል። ገበሬው መርማሪ ፖሊስና የጣት አሻራ ሳይኖረው እውነቱን የሚያወጣው በዚያ ነበር።

ሁለተኛ፣ እግዚአብሔርን የማይፈራ ሰው ሰውን አያፍርም፤ ስለዚህ ስሙ የሌለበት ቃል አያስርም ይላሉ።

ሦስተኛ፣ አብዛኞቹ አባላት አማኞች ስለ ሆኑ የብዙዎቹ ልማድ ቢጻፍ ማንን ይጎዳል? ይላሉ።

እነዚህ ክርክሮች በአንድ ቃል የሚጣሉ አይደሉም። መልሱን ግን ከራሳችን አእምሮ ብቻ ከማውጣት ይልቅ ወደ አገራችን ታሪክ ሄደን ብንጠይቅ ይሻላል ብለን አሰብን። በታማኝነት መሐላ ላይ የሃይማኖት ቃል መጨመር ለኢትዮጵያ፣ በተለይም ለጎጃም፣ አዲስ ነገር አይደለምና።

በ1597 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውስ። ዐፄ ዘድንግል ወደ ካቶሊካውያን ሚስዮናውያን ማዘንበላቸው በታወቀ ጊዜ ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስ ንጉሡን አወገዙ፤ ሠራዊቱንም ለንጉሡ ከገባው የታማኝነት መሐላ ፈቱት። ንጉሡ በዚያው ዓመት በጦርነት ሞቱ። ከዚህ የምንማረው ጳጳሱ ትክክል ነበሩ ወይም ተሳስተው ነበር የሚለውን አይደለም፤ ያ ለሊቃውንት ይተው። የምንማረው ይህን ነው፤ የመሐላው ቁልፍ ሃይማኖት በሆነ ጊዜ ቁልፉን የያዘው ሰው በፈለገ ጊዜ ይከፍተዋል። ወታደሩ ለአገሩ የገባው ቃል በአንድ ቀን ግዝት ባዶ ሆነ።

ከዚህም የሚበልጠው ምሳሌ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ከተቀበሉ በኋላ፣ በ1618 ዓ.ም. በየካቲት ወር፣ በደንቀዝ ቤተ መንግሥታቸው ታላቅ ጉባኤ ተደረገ። ንጉሡ፣ መሳፍንቱና መኳንንቱ በፓትርያርኩ በአፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ተንበርክከው ለሮም ጳጳስ ታዛዥነት ማሉ። በዚያው ቀን ለአልጋ ወራሹ ለፋሲለደስም የታማኝነት መሐላ ተፈጸመ። ከማሉት መካከል የንጉሡ ወንድምና የጎጃም ገዥ የነበሩት ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ነበሩ። የዘመኑ ሚስዮናውያን እንደ ጻፉት ራስ ሥዕለ ክርስቶስ በተጻፈው ቃል ብቻ አልተወሰኑም፤ ከራሳቸው ጨመሩበት። ልዑሉ የካቶሊክን ሃይማኖት እስከ ጠበቀና እስከ ደገፈ ድረስ እንደ ታማኝ አገልጋይ እንደሚታዘዙት፣ ይህን ካላደረገ ግን የመጀመሪያውና ትልቁ ጠላቱ እንደሚሆኑ ተናገሩ።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ይህችን ጭማሪ አንድ ጊዜ ልብ ብላችሁ ተመልከቱልን። የጎጃም ገዥ በመሐላው ላይ የሃይማኖት ቃል ሲጨምር መሐላውን ያጠነከረው መስሎት ነበር። ያደረገው ግን መሐላውን በሁለት መክፈል ነው። ግማሹ «እታመናለሁ» ይላል፤ ግማሹ «ጠላትህ እሆናለሁ» ይላል። አልጋ ወራሹ በዚያ ቀን የሰማው ታማኝነትን ነበር ወይስ ዛቻን?

ፍጻሜው የታወቀ ነው። አገሩ በሃይማኖት ምክንያት ተከፈለ። በ1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ብዙ ሺህ ሰው አለቀ፤ ሟቹም ገዳዩም የአንድ አገር ልጅ ነበር። ንጉሡም ይህን አይተው የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ አስነገሩ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ሥልጣናቸውን አጥተው ተጋዙ። የዚያ ዘመን ሕንፃ ፍርስራሽ ከዚህ ከተማ ብዙ ሳይርቅ በመርጡለ ማርያም እስከ ዛሬ ይታያል። ከመካከላችሁ የዚያ አገር ልጆች የሆናችሁ በልጅነታችሁ በድንጋዩ ላይ ተጫውታችሁበት ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ነገሩ አልቆመም። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ በተደረገው ጉባኤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የቤተ ክርስቲያንን የትምህርት ክርክር በንጉሥ ፍርድ ዘጉት፤ የወሎ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላም እስከ ንጉሥነት ደረሱ። ያልተቀበሉት፣ እንደ ሼኽ ጠልሃ ያሉት፣ ሸፈቱ። እንግዲህ ጥምቀት የሹመት በር በሆነ ጊዜ በበሩ የገባው ሁሉ አምኖ ይሁን ተሹሞ ማን ሊለይ ይችላል? ሃይማኖትም ተጎዳ፤ መንግሥትም ተጎዳ።

አሁን ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. በወጣው በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ሲጭኑ የሚምሉት ቃል ተጽፎ ነበር። መሐላው በልዑል እግዚአብሔር ስም ይጀምራል። ሕገ መንግሥቱን ሊጠብቁ፣ ሕዝቡን በትዕግሥት ሊያስተዳድሩ፣ የአገሩን ግዛት ሊያስከብሩ ቃል ይገባሉ። ከእነዚህም መካከል በእስክንድርያው በቅዱስ ማርቆስ ትምህርት ላይ የተመሠረተውን የኦርቶዶክስ ሃይማኖት እንደሚያምኑና እንደሚጠብቁ ይምላሉ። የዚያው ሕገ መንግሥት 126ኛ አንቀጽ ቤተ ክርስቲያኒቱን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ደንግጓል።

የሚያስደንቀው ግን በዚያው ሕገ መንግሥት 40ኛው አንቀጽ የማንኛውም ሃይማኖት ሥርዓት በሕግ መሠረት ያለ ጣልቃ ገብነት እንዲፈጸም መፍቀዱ ነው። በዚያው ዘመን «አገር የጋራ፣ ሃይማኖት የግል ነው» የሚለው አባባል በሰፊው ይነገር ነበር። አባባሉ ያማረ ነው። መሐላው ግን አባባሉን አልሰማም። አገሪቱ የጋራ ከሆነች አገሪቱን የሚጠብቀው ሰው የሚምልበት ቃል እንዴት የአንድ ወገን ይሆናል? ግብር የሚከፍለው፣ ለዘመቻ የሚጠራው የጅማ ወይም የሐረር ሙስሊም ይህን መሐላ በሰማ ጊዜ ንጉሡ የሚጠብቁት የእርሱን ጎረቤት እንጂ እርሱን እንዳልሆነ ቢሰማው ልንፈርድበት እንችላለን?

ይህ ስሜት ተደብቆ አልቀረም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞች የሃይማኖት እኩልነትን ለመጠየቅ በብዙ ሺህ ሆነው ሰልፍ ወጡ፤ ብዙ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰለፉ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት እንዲለዩ የሚያደርግ የሕገ መንግሥት ረቂቅ በቀረበ ጊዜ የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ረቂቁን ተቃወሙ። አቡነ ቴዎፍሎስ የደብረ ኤልያስ ልጅ፣ የእኛው አገር ሰው ነበሩ፤ ለቤተ ክርስቲያናቸው ማሰባቸውም የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን እናስብ። በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ለዘመናት በመንግሥት መሐላ ውስጥ ስሟ ተጽፎ ኖሮ፣ መንግሥቱ በተለወጠ ጊዜ ያ ጽሑፍ አባቷን ከሞት አላዳነላትም። በመንግሥት ቃል ላይ የተደገፈ ሃይማኖት መንግሥት ሲወድቅ አብሮ ይቆስላል።

መሐላው መንግሥቱንስ ጠብቆታልን? በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት የሞከሩት የክቡር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ነበሩ፤ ከእርሳቸው ይልቅ ለዙፋኑ ታማኝ እንዲሆን የሚጠበቅ ሰው አልነበረም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ያወረዷቸውም የራሳቸው ሠራዊት መኮንኖችና ወታደሮች ነበሩ። የእኛ ጎጃምስ? በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ የሞጣና የቢቸና ገበሬ ለምን ሸፈተ? ገበሬውና ንጉሡ በአንድ ቅዳሴ የሚያስቀድሱ፣ አንድ ጾም የሚጾሙ ነበሩ። ገበሬው የሸፈተው ርስቱ ተነክቶ እንዳይወሰድበት ስለ ፈራና በአስተዳደሩ ላይ እምነት ስላጣ ነው። እንግዲህ ታማኝነትን የሚያጸናው የጋራ ጸሎት ብቻ ቢሆን ኖሮ በቆላውም በደጋውም ጥይት ባልተተኮሰ ነበር። ታማኝነትን የሚያጸናው ፍትሕ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ፍርደ ገምድል እንሆናለን። የእግዚአብሔር ስም ከመንግሥት ቃል በወጣ ጊዜ ቦታው ባዶ ሆኖ አልቀረም። በደርግ ዘመን ሌላ ሃይማኖት ገባበት፤ ስሙ ርእዮተ ዓለም ይባል ነበር። አገሪቱ «አብዮታዊት» ካልተባለች የተጠራች አይመስልም ነበር፤ መፈክሩን ጮክ ብሎ ያላለ ተማሪ፣ እጁን ያላነሣ ሠራተኛ በጥርጣሬ ይታይ ነበር። ያ ዘመን ያስተማረን እምነትን በሰው አፍ ማስገባት የካህን ብቻ ሥራ አለመሆኑን ነው፤ ካድሬም ይችልበታል። ስለዚህ ክርክራችን ከእግዚአብሔር ስም ጋር አይደለም። ክርክራችን ለሥራ ታማኝነት ቃል ከሚጠየቅ ሰው ላይ የእምነት ቃልም አብሮ ከመቀበል ጋር ነው።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ11ኛው አንቀጹ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል። በዚህ ሕገ መንግሥት የሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት የሚገቡት ቃል አጭር ነው፤ የተጣለባቸውን ከፍተኛ ኃላፊነት በታማኝነት ለመፈጸም ቃል ይገባሉ፤ የማንኛውም ሃይማኖት ስም አልተጻፈበትም። ስለ ሕገ መንግሥቱ ሌሎች አንቀጾች በመካከላችን ብዙ ክርክር እንዳለ እናውቃለን። ይህ ቃል ግን ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ ምላሱ ሳይተሳሰር ሊናገረው የሚችል ነው።

ከውጭ አገርም ትምህርት አይጠፋም። በእንግሊዝ ፓርላማ አባላቱ ለዘውዱ የሚገቡት የታማኝነት መሐላ «በእውነተኛው የክርስቲያን እምነት» የሚል ቃል ነበረበት። ሊዮኔል ሮትሽልድ የሚባል አይሁዳዊ እ.ኤ.አ. በ1847 በለንደን ሕዝብ ተመረጠ፤ ነገር ግን ያን ቃል አልናገርም በማለቱ ወንበሩን ሳያገኝ 11 ዓመት ቆየ። መራጮቹ ደጋግመው መረጡት፤ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1858 ሕጉ ተሻሽሎ ገባ። ከእርሱ በኋላ ቻርልስ ብራድሎ የተባለ፣ በእግዚአብሔር መኖር የማያምን ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1880 ተመርጦ በዚሁ መሐላ ምክንያት እስከ 1886 ወንበሩን በሰላም አልያዘም። እ.ኤ.አ. በ1888 የወጣው ሕግ መማል የማይፈልግ ሰው ያለ መሐላ ቃሉን እንዲያረጋግጥ ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ የእንግሊዝ ዘውድ አልወደቀም።

በአሜሪካ ደግሞ ተማሪዎች በየጠዋቱ ለሰንደቅ ዓላማ የሚሉት የታማኝነት ቃል አለ። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1892 የጻፈው ፍራንሲስ ቤላሚ የባፕቲስት ቄስ ነበር፤ እርሱ ግን የእግዚአብሔርን ስም አላስገባበትም። «በእግዚአብሔር ሥር» የሚለው ቃል የተጨመረው እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 1954 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በፈረሙት ሕግ ነው። ጊዜው ከሶቪየት ኅብረት ጋር የቀዝቃዛው ጦርነት የጋለበት ስለ ነበር አሜሪካኖች ከኮሚኒስቶች የሚለዩበትን ምልክት ይሹ ነበር። ልብ በሉ፤ ከዚህ 11 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በዚያው በሰኔ 14 ቀን 1943፣ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማንም ተማሪ ለሰንደቅ ዓላማ ቃል እንዲገባ ሊገደድ አይችልም ብሎ ፈርዶ ነበር። ከሳሾቹ የይሖዋ ምስክሮች ነበሩ፤ ማለትም እምነት የሌላቸው ሳይሆኑ እምነታቸው እንዲህ ያለውን ቃል የሚከለክላቸው ሰዎች ነበሩ። ከተጨመረው ቃል የተነሣው ክርክር በየፍርድ ቤቱ እስከ እኛ ዘመን ድረስ ዘልቋል። አንድ የሚያደርግ ተብሎ የገባው ቃል የመለያያ ምክንያት ሆነ።

አሁን ወደዚህ አዳራሽ እንመለስ። በዚህ ግቢ አብሮን የሚማረው ማን ነው? የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጅ አለ፤ ሙስሊም አለ፤ የወንጌላውያን አማኝ አለ፤ ካቶሊክ አለ፤ እምነቱን ለማንም ሊናገር የማይፈልግም አለ። ከጉራጌ፣ ከወለጋ፣ ከሱማሌ፣ ከሲዳማ የመጡ አሉ። በአንድ ገበታ እንበላለን፤ በአንድ መኝታ ክፍል እንተኛለን፤ ለፈተና በአንድ መብራት እናጠናለን።

ከዚህ ከተማ ብዙ በማይርቀው በሞጣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ወደሙ። ስንት ዘመን አብሮ ቡና የጠጣ፣ ለቅሶ የደረሰ፣ ዕቁብ የጣለ ጎረቤት ጎረቤቱን በጭሱ መካከል አየው። ይህን የምናነሣው ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም። አንድ የመሐላ ቃል እሳት ይለኩሳል ማለታችንም አይደለም። የምንለው ይህን ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር በደረሰበት አገር፣ በእንዲህ ያለ ዘመን የምንማር ተማሪዎች ሆነን፣ የጋራ በሆነ ቤት መግቢያ ላይ «ይህ የእኛ ነው» የሚል ጽሑፍ መለጠፍ አያምርብንም። ሙስሊሙ ጓደኛችን ገንዘብ ያዥ ሆኖ ቢመረጥ «በሥላሴ ስም» ብሎ ይምላልን? ከማለ ዋሽቷል፤ ካልማለ ከሹመቱ ወጥቷል። በመጀመሪያው ቀን ወይ ውሸት ወይ ስደት የምናዝበት ሰው እንዴት የማኅበሩን ገንዘብ በእውነት ያዝልን እንለዋለን?

«በእግዚአብሔር ስም» ብቻ ከሆነ ግን ሁሉም ይቀበለዋል የሚል ይኖራል። ብዙዎቹ ይቀበሉት ይሆናል። ሆኖም ከክርስቲያኖችም መካከል ጌታ በተራራው ትምህርቱ መሐላን ፈጽሞ ከልክሎናል፣ ነገራችን «አዎን» ወይም «አይደለም» ብቻ መሆን አለበት ብለው በፍጹም ልባቸው የሚያምኑ አሉ። እነዚህ ከእኛ ይልቅ እግዚአብሔርን የሚፈሩ እንጂ የማይፈሩ አይደሉም። ሕጋችን የሚያስወጣው እነዚህን ነው። ቃሉን ከልቡ የማያምን አስመሳይ ግን ያለ አንዳች ችግር ምሎ ይገባል። መሐላ ለሐሰተኛ ሰው ወንፊት ነው፤ ያልፍበታል። ለኅሊናው ለሚጠነቀቅ ሰው ግን አጥር ይሆንበታል።

እንግዲህ ከላይ ላነሣናቸው ሦስት ክርክሮች መልሳችን ይህ ነው።

ሕዝባችን ያለ እግዚአብሔር ስም መሐላ አያውቅም ለተባለው፦ እውነት ነው፤ ነገር ግን «በሕግ አምላክ» የምትለውን አሮጊት አስቡ። ቃሉን ከአፏ ያወጣችው ራሷ ናት፤ ጸሐፊ ጽፎ አልሰጣትም። የጠራችውም ደካማውን ከኃይለኛው ለማስጣል ነው። ዱላውን የሚጥለው ሰውም የየትኛው ደብር ምእመን እንደ ሆነች አይጠይቃትም። የእግዚአብሔር ስም በሕዝባችን ዘንድ ያለው ኃይል ሰው በፈቃዱ ስለሚጠራው ነው። በደንብ ቁጥር ስናስገባው ኃይሉ ወደ ወረቀቱ አይገባም።

እግዚአብሔርን የማይፈራ አይታመንም ለተባለው፦ ፍርሃተ እግዚአብሔር በልብ ያለ ነገር ነው፤ በመዝገብ አይታይም። ከመጽሐፉ ዐሥር ቃላት አንዱ ስሙን በከንቱ መጥራትን ይከለክላል። በእስልምናም መሐላውን ያፈረሰ ሰው ካሣ እንዲከፍል ተደንግጓል። ሁለቱም ሃይማኖቶች መሐላን የሚያከብሩት ብርቅ አድርገው በመያዝ ነው። እኛ ግን ለስብሰባ አበልና ለቢሮ ቁልፍ ሁሉ ስሙን ብንጠራ ክብር የጨመርንለት ይመስለናልን? መሐላ የሚያበዛ ሰው እንደማይታመን እናቶቻችን ያውቃሉ። የገንዘብ ያዥን ታማኝነት ማወቅ ከፈለግን ሒሳቡን በየሦስት ወሩ እንመርምር፤ ደረሰኙን እንይ።

ብዙዎቹ አማኞች ናቸው ለተባለው፦ የምግብ ዓይነት በብዙ ድምፅ ይወሰናል፤ የሰው ኅሊና ግን በድምፅ ብልጫ አይወሰንም። ዛሬ እዚህ ብዙ የሆንን ነገ ለሥራ በሌላ ክፍለ አገር ስንመደብ ጥቂት እንሆናለን። በዚያን ጊዜ የሌሎች የእምነት ቃል በአፋችን እንዲገባ እንደማንወድ ሁሉ፣ ዛሬም የእኛን በሌላው አፍ አናስገባ።

ከዚህ ተነሥተን ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ እንዲህ ነው።

1ኛ/ የማኅበሩ የታማኝነት ቃል አሁን ባለበት እንዲጸና፣ የማንኛውም ሃይማኖት ወይም የፖለቲካ እምነት ቃል እንዳይጨመርበት፤

2ኛ/ ማንኛውም ተመራጭ የተጻፈውን ቃል ሙሉ በሙሉ ከተናገረ በኋላ፣ ከወደደ፣ «እግዚአብሔር ይርዳኝ»፣ «አላህ ይርዳኝ» ወይም እምነቱ የሚያዝዘውን ልመና በገዛ አፉ እንዲጨምር እንዲፈቀድለት፤ ዝም ማለት የወደደም ዝም በማለቱ እንዳይጠየቅ፤

3ኛ/ የሚጨመረው ልመና ቃሉን የሚያጠነክር ብቻ እንጂ በቃሉ ላይ ቅድመ ሁኔታ የሚያስገባ እንዳይሆን።

ይህ ሦስተኛው የራስ ሥዕለ ክርስቶስን ታሪክ በማሰብ የገባ ነው። ሰው ቃሉን ለመፈጸም የሚረዳውን ሁሉ ይጥራ፤ ከቃሉ የሚያመልጥበትን በር ግን አስቀድሞ አይክፈት። ሐሳባችንም ከአገራችን ሕግ ልማድ የራቀ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እንኳ ምስክር ቃሉን ከመስጠቱ በፊት እንዲምል ወይም እንዲያረጋግጥ ሁለት መንገድ ትቶለት ነበር። በሰው ነፍስ ላይ ለሚፈረድበት ነገር የበቃ ሥርዓት ለእኛ ማኅበር አያንስም።

መምህሮቻችንና ጓደኞቻችን፤ የሐሳቡን አቅራቢዎች ቅን ልብ አንጠራጠርም። የፈለጉት የታመነ ሰው ነው፤ እኛም የምንፈልገው ያንኑ ነው። የምንለያየው በመንገዱ ነው። በ1618 ዓ.ም. በደንቀዝ የጎጃም ገዥ በመሐላው ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመሩ፤ ከስድስት ዓመት በኋላ የዚያን ዐረፍተ ነገር ዕዳ የከፈለው በወይና ደጋ የወደቀው ገበሬ ነው። እኛ የጎጃምና የመላው ኢትዮጵያ ልጆች ይህን አውቀን በዚህ አዳራሽ እንመርጣለን።

ድምፃችሁን ስትሰጡ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ጓደኛችሁን ዞር ብላችሁ ተመልከቱ። ቃሉ የሚጻፈው ለእርሱም ነው።